ቧንቧ በጨርቅ የከፈትኩባቸው ሦስት ሳምንታት

መጀመሪያ በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን እንዳስፈራኝ አይገባችሁም።

በለጡ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጄን ላደርስ ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሰናይት አንደኛ ክፍል ገብታ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ በጎን እያየሁ ነው። እስከ ዛሬም ሳነብ ጣቴ ከቃሉ ሥር ሥር ይሄዳል። ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢልባችሁ ታገሡኝ፤ እግሬም እንደዚያው ነው። የጡረታ ካርዴን አንጠልጥዬ በባቡርና በአውቶቡስ የማልደርስበት የሜልቦርን ጥግ የለም። አንድ ቀን ፊትዝሮይ ፎቅ ላይ የምትኖር ወዳጄን ልጠይቅ ወጥቼ፣ ባቡር ተሳስቼ፣ አሸዋ ላይ ቁጭ ብዬ ማዕበል ሳይ ነው ራሴን ያገኘሁት። ይህ ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

የምኖረው ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ልጄ ሰናይትና ባሏ ዳዊት በተከራዩት አሮጌ የጡብ ቤት ነው። ሰናይት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ያን ጊዜ ግን የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። ዳዊት የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ቤት ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ሰክቶ ያወራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ አንድም ቀን "አንቺ" ብሎኝ አያውቅም። የመጀመሪያ ልጃቸው ሶልያና ሁለት ወር ሊሞላት ነበር። የእኔ ሥራ እሷን ማቀፍ ነው። ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ አልፈለግሁምም። ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ስትነሳ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አቅፌ የማስገባት እኔ እንደሆንኩ ገና በሆድ እያለች ተነጋግረናል።

አንድ ልማድ አለኝ። ጠዋት ከጸሎቴ በፊት ጓሮ እወጣለሁ። ከግድግዳው ሥር የወጣ ቧንቧ አለ። እዚያ ሲሚንቶው ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ፊቴን፣ እጄንና እግሬን እታጠባለሁ፤ ከዚያ ለጤና አዳሜ ውሃ አጠጣለሁ። ሰናይት "ሁለት መታጠቢያ ቤት እያለ!" ትለኛለች። እኔ ግን ከሰማይ በታች ታጥቤ፣ እግሬ ጫማ ሳይነካ ጸሎት ላይ ካልቆምኩ የጸለይኩ አይመስለኝም።

የወሩ ገብርኤል በዋለ በማግስቱ እንደ ልማዴ ወጣሁ። እግሬን ታጠብኩ። ሲሚንቶው ራሰ። ቧንቧውን ልዘጋ እጄን ስሰድ አንድ ነገር ጣቴን ነከሰኝ።

ነከሰኝ ስላችሁ ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው። ከጣቴ ጀምሮ እስከ ክርኔ ወጣ፤ ከዚያ ተረከዜ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ንብ መሰለኝ። ንብ የለም። እንደገና ነካሁት፤ እንደገና ነከሰኝ። ነዘረኝ ማለት እንኳ አልመጣልኝም፤ ኮረንቲ ያለው ሽቦ ውስጥ ነው፤ ይህ ውሃ ነው።

የመጣልኝ ሌላ ነበር። ስለቴ።

ሰናይት ምጥ ላይ ሳለች፣ አዋላጆቹ እየተራወጡ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጠውኝ፣ "ገብርኤል፣ ልጄን በሰላም ገላግልልኝ፣ ጥላ አገባልሃለሁ" ብዬ ነበር። በወርቅ ዘቦ የተሠራውን፣ ታቦት የሚወጣበትን ዓይነት ጥላ። ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ሰው ጉዞው ተራዘመ። ሁለት ወር ሊሞላ ሆነ። በዓሉ አለፈ፤ ባዶ እጄን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ወጣሁ። በማግስቱ ውሃው ነከሰኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ "ይቅር በለኝ" አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የነጠላዬን ጫፍ እጄ ላይ ጠቅልዬ ነው ቧንቧ የምከፍተው። አንዳንድ ቀን ምንም የለም። አንዳንድ ቀን በጨርቅም ይነዝራል። ደግሞ የሚብሰው ዳዊት ቁርሱን በሚያዘጋጅበት ሰዓት ነበር፤ እኔ ግን ያንን ከጸሎት ሰዓቴ ጋር ነው ያገናኘሁት። ቤት ውስጥ መብራቱ አልፎ አልፎ ደብዘዝ ይል ጀመር፤ ፍሪጁ ያቃስታል። እሱንም ለራሴ ተረጎምኩት። ሌሊት "ለእኔ የመጣውን በልጅቷ ላይ አታድርገው" እያልኩ አነጋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አልቻልኩም፤ ለሰናይት ነገርኳት። ስለቱን ደብቄ "ቧንቧ ስነካ እጄን ይነዝረኛል" ብቻ አልኳት።

ወዲያው ሄዳ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ያዘች። የጓሮውንም ያዘች። "ምንም የለውም እኮ እማዬ።" የላስቲክ ነጠላ ጫማዋ እግሯ ላይ ነበር። እሷ ቤት ውስጥ ያለ ነጠላ ጫማ አትሄድም፤ ዳዊትም እንደሷ። በባዶ እግሬ የምሄድ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ያን ጊዜ ማናችንም አላሰብነውም።

ዳዊት ግን አልናቀኝም። ዕቃ መሸጫ ሄዶ አንድ ቢጫ ነገር ገዝቶ መጣ። የእጅ ስልክ ያክላል፤ አናቱ ላይ ግን የሸርጣን መንጋጋ የመሰለ የሚከፈት ነገር አለው፤ መሐሉ ላይ ቁጥር የሚወጣበት መስኮት።

"እማማ፣ ይመልከቱ። ክላምፕ ሜትር ይባላል። ሽቦውን ሳይነኩ፣ ዙሪያውን ሲያቅፉት፣ ውስጡ ስንት ኮረንቲ እንደሚያልፍ ይናገራል።"

ኬትሉን ሞልቶ ለኮሰው። መንጋጋውን ከፍቶ ገመዱን አስገባና ለቀቀው፤ ጠቅ ብሎ ገጠመ። መስኮቱ ላይ ዜሮ፣ ነጥብ፣ ዜሮ ዜሮ። ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደ፤ ዜሮ። ፍሪጁ፤ ዜሮ።

"አዩ? የሚያፈስ ነገር የለም። ዜሮ ነው።"

እኔ ኬትሉን አየሁት። ውሃው ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ የወጥ ቤቱን መስኮት አላበው። *ታዲያ ይህ ያለ ኮረንቲ ነው የሚፈላው?* የሚል ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት። እሱ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ነው፤ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ፊደል የሰረቅሁ ነኝ። ያቺን አፌን የዘጋሁባትን ደቂቃ እስክሞት አልረሳትም።

ሰናይት ዓይኗ ተለወጠ። እኔን ስታይ እዚያ ሥራ ቦታዋ የምታጥባቸውን ሽማግሌዎች የምታይ መሰለኝ። ጠጋ አለችና እጄን ያዘች።

"እማዬ፣ ነርቭ ነው። እዚያ የማያቸው ሰዎች ሁሉ ሲጀምራቸው እንዲህ ነው። እጄን በላኝ፣ እግሬን ወጋኝ ይላሉ። ጂፒ፣ ሐኪምሽ ጋ፣ ቡክ አድርጌልሻለሁ፤ ከክርስትናው በኋላ ላለው ሐሙስ።"

"ከዚያስ በኋላ ምን ይሆናሉ?"

"ኧረ ምንም አይሆኑም።" ልጄ መዋሸት አትችልም። ስትዋሽ ጸጉሯን ነው የምትነካው። ነካችው።

እንግዲህ ሁለት ፍርሃት ሆነብኝ። ወይ ገብርኤል ተቆጥቶኛል፤ ወይ እጄ እየሞተ ነው። የትኛው እንደሚሻል እያማረጥኩ እቀመጥ ነበር።

ክርስትናው እሁድ ሊሆን፣ ሐሙስ ጠዋት ሶልያናን ግራ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። አግስታብኝ ስለነበር ጨርቋን ላለቀልቅ ነው። ወለሉ እርጥብ ነበር። ነጠላዬ ልጅቷ ሥር ተጠቅልሏል፤ እጄ ባዶ ነው። ረሳሁትና ቧንቧውን ያዝኩ።

ይህኛው ንክሻ አልነበረም። በዱላ የተመታሁ ያህል ነው። ክንዴ ሳላዘው ተወረወረ፤ ወገቤ ተሰበቀ። የልጅቷ አንገት ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። እንዴት እንደያዝኳት አላውቅም፤ ጭንቅላቷ ከሲሚንቶው ገንዳ ጠርዝ ሁለት ጣት ሲቀረው ነው መዳፌ ሥር የገባችው። ቀና ስል ሰናይት በሩ ላይ ቆማለች።

"እማዬ!"

ልጅቷን ከእጄ ወሰደቻት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ እዚያ ሥራዋ ላይ በምትናገርበት ድምፅ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ቆመሽ እንዳታቅፊያት። ተቀምጠሽ፣ እኔ ባለሁበት ብቻ" አለች።

"እሁድስ?"

"እሁድ እኔ እይዛታለሁ እማዬ።"

ክፍሌ ገብቼ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። እነዚህ እጆች ስንት ልጅ አጥበዋል። አሁን እኔ ራሴ ፈራኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጄ ልክ ናት ብዬ አምኛለሁ። እኔም ብሆን እንዲህ ያለችውን አሮጊት ሕፃን አላስይዝም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሼ ታደለ ለክርስትናው ግብዣ ከቤተ ክርስቲያን ሃያ ወንበር በመኪናቸው ጭነው መጡ። አስኮት ቬል ይኖራሉ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ድግስ ባለበት ሁሉ ወንበር የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ሳሉ ሠላሳ ዓመት ያህል የመብራት ሠራተኛ ነበሩ፤ ምሰሶ ላይ ነው ያረጁት። እዚህ መጥተው ግን ፈቃዱን ሳያወጡ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ወንበሮቹን ከዳዊት ጋር እያወረዱ በቤቱ ጎን፣ ከቆጣሪው ሳጥን ፊት፣ እስከ ደረታችን ድረስ ደረደሯቸው።

ከዚያ ጓሮ መጡና እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሄዱ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ልክፈትልዎ!" ብዬ ተሽቀዳደምኩ። ነጠላዬን እጄ ላይ ጠቀለልኩና አዞርኩት።

ጋሼ ታደለ ሳቁ። "እትዬ በለጡ፣ አንቱ ደግሞ ቧንቧም በነጠላ መክፈት ጀመሩ? የሚሳለሙት የቄሱን መስቀል ነው ወይስ ቧንቧ?"

ዳዊት ፈገግ አለ። እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አሮጊት ሆኜ በቀልድ አለቀስኩ።

"ይነክሰኛል" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ቧንቧው። ጋሼ፣ ነርቭ ነው አሉኝ። ሐሙስ ልጅቷን ልጥላት ነበር።"

ሳቃቸው በአንድ ጊዜ ከፊታቸው ጠፋ። እጃቸው ከውሃው ሥር ነበር፤ ቧንቧውን ሳይነካ ወደ ኋላ ሳቡት። እግሬን አዩ፤ ከዚያ እግሬ ሥር ያለውን እርጥብ ሲሚንቶ።

"በባዶ እግርዎ ሲሆኑ ነው?"

"ሁልጊዜም ባዶ እግሬን ነኝ።"

"መሬቱ ሲረጥብ ይብሳል?"

"ይብሳል።"

"ከዚያ ይውጡ። አሁኑኑ። ሣሩን ሳይሆን ያንን ደረቅ ጣውላ ይርገጡ።" በሕይወቴ እንዲህ አዘውኝ አያውቁም። ወጣሁ።

ዳዊት "ጋሼ፣ እኔ ለክቼዋለሁ እኮ፤ ክላምፕ ሜትር ገዝቼ፤ ሁሉም ዜሮ ነው" አለ።

"ምኑን ነው የለካኸው?"

"የኬትሉን ገመድ፣ የፍሪጁን..."

"ገመዱን እንዳለ? ሙሉውን?"

"አዎ።"

ጋሼ ታደለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ልጄ፣ እዚያ ገመድ ውስጥ የሚሄድም የሚመለስም ሽቦ አለ። ሁለቱን አብረህ ስታቅፍ እኩል ሄደው እኩል ስለሚመለሱ ይጠፋፋሉ፤ መሣሪያው ምንም የለም ይልሃል። ቤቱ እየተቃጠለም ዜሮ ይልሃል። አንዱን ብቻ ለይተህ ነው የምትለካው። ኬትሉ እየፈላ ዜሮ ሲልህ አልገረመህም?"

ዳዊት ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም እሱን። ያቺ የዋጥኳት ጥያቄ ይህችው ነበረች።

"አምጣው" አሉ።

ያንኑ ቢጫ መሣሪያ አመጣ። ጋሼ ታደለ ከመኪናቸው ወፍራም የላስቲክ ጓንት አውጥተው አጠለቁ፤ ደረቅ ጣውላ ላይ ቆሙ። መንጋጋውን ከፈቱና ከግድግዳው የሚወጣውን የመዳብ ቱቦ አቀፉት። ሽቦ አይደለም፤ የውሃውን ቱቦ። ጠቅ አለ።

"እዚህ ምንም መኖር የለበትም" አሉ። "ውሃ ብቻ ነው እዚህ የሚያልፈው።"

መስኮቱ ላይ ቁጥሩ ተወዛወዘና ቆመ። ስድስት ነጥብ ሁለት።

አንብቤዋለሁ፤ ጣቴን ሳላስኬድ አንብቤዋለሁ።

"ዳዊት፣ ገብተህ ኬትሉን ለኩስ። ቧንቧ እንዳትነካ። ለኩሰህ ውጣ።"

ዳዊት ሮጠ። ተመለሰ። ቁጥሩ ዘለለ፤ ዐሥራ ሦስት አለ። በወጥ ቤቱ መስኮት መብራቱ ሲደበዝዝ አየሁ። ቁርስ በሚሠራበት ሰዓት የሚብሰኝ ለዚህ ነበር ለካ።

ጋሼ ታደለ መንጋጋውን ከቱቦው አላቀቁ። "የመመለሻው ሽቦ ከላይ የሆነ ቦታ ላልቷል። ኮረንቲው መመለሻ አጥቶ በውሃ ቱቦ ነው የሚመለሰው። ቤቱ ውስጥ ያለ ቧንቧ በሙሉ..." አቋረጡት። "ሰናይት የት ናት?"

ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት፣ ገንዳ ውስጥ የሚወርድ ውሃ ድምፅ።

ለነገው ልጅቷን ልታጥባት ነው። ሌላ ጊዜ እኔ ነበርኩ የማጥባት፤ በላስቲክ ሳፋ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከቧንቧ ርቄ። አሁን እኔን ስላላመነችኝ፣ ራሷ አብራት ብረቱ ገንዳ ውስጥ ልትገባ ነው። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ።

"ዋናውን አጥፋ! ቆጣሪው ጋ!" ብለው ጮኹ ጋሼ ታደለ፤ ሁለቱም በቤቱ ጎን ሮጡ። ወንበሮቹ! ሃያ ወንበር ሳጥኑ ፊት ተደርድሯል። ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ፣ ዳዊት "አምላኬ፣ አምላኬ" ሲል ይሰማኛል።

እኔ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስላችሁ እኔ የምሮጥ ሴት አይደለሁም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ተቆልፏል። ውስጥ የአየር ማውጫው ይጮኻል። በሩን በጡጫ መታሁት።

"ሰናይት! ቧንቧውን እንዳትነኪ! ልጄ፣ አትንኪው!"

"እማዬ፣ አሁን አይደለም፤ ልብሷን አውልቄያለሁ!"

"ኮረንቲ ነው! ውሃው ውስጥ ኮረንቲ አለ!"

 ከዚያ ደክሟት፣ አዝናልኝ፣ "እማዬ፣ ተነጋግረናል እኮ። ሂጂ አረፍ በይ። ውሃውን ዘግቼ እመጣለሁ" አለች።

*ውሃውን ዘግቼ።*

ስሟን ጠራሁ። የገብርኤልን ስም ጠራሁ። አንድ አጭር ድምፅ ሰማሁ፤ "ኡ!" የምትል፤ እንደ መታነቅ። አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት የአየር ማውጫው ጩኸት ቀጥ አለ። በበሩ ሥር የነበረው ብርሃን ጠፋ። ቤቱ በሙሉ ዝም አለ፤ ፍሪጁም ማቃሰቱን አቆመ።

ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ውሃው ብቻ ይወርዳል።

ስንት ጊዜ እንደቆየ ጠይቃችሁኛል እንበል። አላውቅም። ሰው አንድ ጊዜ ተንፍሶ እስኪደግም ያህል ነው ይላል ዳዊት። እኔ ግን በዚያች ውስጥ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ፣ "እኔን ነው ያልኩህ፣ እኔን ነው እንጂ" እያልኩ።

ከዚያ ሶልያና አለቀሰች። እንዴት ያለች ለቅሶ መሰለቻችሁ! ተቆጥታ፣ ጉሮሮዋን ከፍታ።

መቆለፊያው ተንኳኳ፤ በሩ ተከፈተ። ሰናይት ቆማለች፤ አንድ እግሯ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ። የወደቀው የሻምፑ ጠርሙስ ነው። ልጅቷን በግራ ክንዷ ከደረቷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛታለች፤ ቀኝ እጇ ደንዝዞ ተንጠልጥሏል። የልጅነቷን ፊት ነው ያየሁት፤ ሽንኩርት እየላጥኩ የማየውን።

"እማዬ" አለች። "ነከሰኝ።"

ሌላ ቃል አላገኘችም፤ እኔ ያልኩትን ቃል ነው ያለችው። ከዚያ ልጅቷን ዘረጋችልኝ። እኔም ቆሜ ተቀበልኳት።

ጋሼ ታደለ ቱቦውን እንደገና ለኩት፤ ዜሮ። "አሁን ይህ ዜሮ እውነተኛ ነው" አሉ። ከዚያ አልፎ አንድ ብሎን አልነኩም። "እኔ እዚህ አገር ፈቃድ የለኝም፤ ቢኖረኝም ይህ ከመንገድ የሚመጣው ሽቦ የመብራት ድርጅቱ ነው። ደውል" አሉት ዳዊትን። "እስኪመጡ ማንም ዋናውን እንዳያበራ፣ ማንም ቧንቧ እንዳይነካ።" ራሳቸው ከቆጣሪው ሳጥን ፊት አንዱን ወንበር ዘርግተው እንደ ዘበኛ ተቀመጡ። ሐኪም ቤትም ደወልን፤ ሰናይትን ወስደው ልቧን አይተው፣ ደህና ነሽ ብለው ማምሻውን ሰደዷት።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መሰላል የጫነ መኪና መጣ። አንዱ ሰው ጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ሽቦው ከመንገድ መጥቶ ከቤቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ወጣ። ሲወርድ መዳፉ ላይ የአንድ ጣት ጫፍ የምታክል የሽቦ ማያያዣ ይዟል፤ አረንጓዴ ሆና፣ ተበልታ፣ ጠቁራ። ያችን ነው ሦስት ሳምንት ስፈራት የኖርኩት። ሰውየው ለዳዊት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀው። ዳዊት ወደ እኔ ዞረ።

"መጀመሪያ ያወቀው ማነው ይላል።"

"ምን አልከው?"

"እማማ ናቸው አልኩት። መቼ ብሎኛል።" ወደ መሬት አየ። "ሦስት ሳምንት አልኩት።"

ሰውየው ባዶ እግሬን አየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።  ያሰበው ገብቶኛል።

በማግስቱ ሶልያናን ቤተ ክርስቲያን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሰናይት ከኋላዬ ነጠላዬን ይዛ ነበር የምትሄደው፤ ልጅ ሳለች ገበያ ላይ እንዳትጠፋ እንደምትይዘኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ይህን የምታነቡ ልጆች። ኮረንቲን አሁንም አላውቀውም፤ እሱን ለሚያውቁት ደውሉ። የማውቀው ሌላ ነው። ገብርኤልን በማይሠራው ሥራ ስጠረጥረው ከረምኩ፤ እሱ በውሃ ውስጥ ተደብቆ አሮጊት የሚነድፍ መልአክ አይደለም። ጥላውም ደርሶልኝ አግብቻለሁ፤ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ። ሁለተኛው ጥፋቴ፣ ዝምታዬ፣ ግን ይብሳል። ውሃው እየፈላ ዜሮ ሲባል ሰምቼ፣ አይቼ፣ ያልተማርኩ ነኝ ብዬ አፌን ዘጋሁ። በዚያች ዝምታ ልጄና የልጅ ልጄ ሊሄዱብኝ ነበር። እናታችሁ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ነከሰኝ ብትላችሁ፣ እርጅና ነው ከማለታችሁ በፊት ጫማችሁን አስቡ፤ እሷ የቆመችበት ቦታ እንደሷ ሆናችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እናንተም የእኔ ቢጤዎች፣ ያያችሁትን ተናገሩ። ቢሳቅባችሁ ይሳቅባችሁ።

ፍርሃቱ ለቅቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ሽቦው ተሠርቷል፤ ሁሉ ነገር ተፈትሿል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ወደ ቧንቧው እጄን ስሰድ ክንዴ ቀድሞ ይሸሻል። ዳዊት ይህን አይቷል። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ግን በየጠዋቱ፣ እኔ ነጠላዬን ሳጣፋ፣ ቢጫውን መሣሪያ ይዞ ጓሮ ይወጣል። ቱቦውን ያቅፈዋል፤ መስኮቱን ወደ እኔ አዙሮ ያሳየኛል። እስካነበው ይጠብቃል። ከዚያ ነጠላ ጫማውን ያወልቅና እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ ይቆማል፤ ቧንቧውን ራሱ ይከፍተዋል፤ ውሃውን ትንሽ ያፈሰዋል።

"አሁን ይምጡ እማማ" ይለኛል።